ስኳር፣ እንጀራና የቡናው ሲኒ፦ ከወሎ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

«ስኳር ተገኝቶብሃል» የተባለ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈራው እንጀራን ነው። ቤት ሲገባ ጤፉ ይቀርና ነጭ ዳቦ ይገዛለታል፤ ሻዩ ግን እንደ ወትሮው በሦስት ማንኪያ ስኳር ይቀርብለታል። የኔ እምነት እንጀራውን ከማሳደድ በፊት የሚጠጣውን ማየት ይገባል የሚል ነው፤ ከታች ያሉት መልሶችም በአብዛኛው ወደዚያው ያመራሉ። ጥያቄዎቹ በደሴና በኮምቦልቻ፣ በወልድያና በባቲ፣ ከደጋም ከቆላም ባሉ ቤተሰቦች ዘንድ የሚነሡ ናቸው። መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከሐኪሙ ጋር ሳይነጋገር መጠኑን እንዳይቀይር አደራ እላለሁ።

እንጀራና ስኳር አንድ ናቸው? ሁለቱም ካርቦሃይድሬት ይባላሉ።

ወገናቸው አንድ ነው፣ ሥራቸው ይለያያል። በጤፍ፣ በማሽላ፣ በገብስ፣ በስንዴ፣ በድንችና በሩዝ ውስጥ ያለው ስታርች እርስ በርሱ የተያያዘ የግሉኮስ ሰንሰለት ነው። አፍ ውስጥ በምራቅ መፈታት ይጀምርና ትንሹ አንጀት ሲደርስ ግሉኮስ ሆኖ ወደ ደም ይገባል። ነጩ ስኳር ደግሞ ግሉኮስና ፍሩክቶስ ሁለት ሁለት ሆነው የተጣመሩበት ስለሆነ ለመፈታት ጊዜ አይፈጅበትም። ሁለቱም በግራም 4 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይሰጣሉ። ነገር ግን እንጀራው አሰር (ፋይበር)፣ ፕሮቲንና ብረት ይዞ ይመጣል፤ ስኳሩ ከጣዕሙና ከኃይሉ በቀር የሚያመጣው የለም።

ግሉኮስ ደም ውስጥ ሲበዛ ቆሽት ኢንሱሊን ያመነጫል። ኢንሱሊኑ ግሉኮሱን ወደ ጡንቻና ወደ ጉበት ያስገባዋል፤ ማከማቻው ሲሞላ የተረፈው ወደ ስብ ይለወጣል። ቀኑን ሙሉ ከሞፈርና ከቀንበር ጋር የሚውል ገበሬ ጡንቻው ያገኘውን ያቃጥለዋል። ሱቅ ውስጥ ወይም ቢሮ ተቀምጦ የሚውል ልጁ ያንኑ ያህል ቢበላ ትርፉ ሆዱ ላይ ይቀመጣል።

በቀን ስንት ማንኪያ ስኳር ይፈቀዳል?

የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ መሠረት ሰው የሚጨምረው ስኳር፣ ማርና የጭማቂ ስኳር ተደምሮ ከዕለቱ ኃይል ከ10 በመቶ በታች መሆን አለበት፤ ከ5 በመቶ በታች ቢሆን ደግሞ ይመረጣል። በቀን 2,000 ኪሎ ካሎሪ ለሚበላ ሰው ይህ 50 ግራምና 25 ግራም ማለት ነው። ያልተቆለለ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ያህል ስለሆነ የላይኛው ጣሪያ 12 ማንኪያ፣ የተሻለው 6 ማንኪያ ይሆናል።

አሁን ወደ ረከቦቱ እንምጣ። በሲኒ ሁለት ማንኪያ የምትጠጣ እናት ከአቦል ተነሥታ ቶናን አልፋ በረካ ስትደርስ 6 ማንኪያ ጨርሳለች። የተሻለው መጠን ለቀኑ ሁሉ የፈቀደው በአንድ ቁጭታ አለቀ ማለት ነው። ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ቡና በሚፈላበት ቤት ይህ 18 ማንኪያ ይደርሳል፤ በመካከሉ የሚጠጣው ሻይ ገና አልተቆጠረም። ሐኪም ሲጠይቃቸው «ጣፋጭ አልወድም» የሚሉት ከልባቸው ነው። ኬክ አይበሉም፣ ከረሜላም አይገዙም። ሲኒዋ ትንሽ ስለሆነች ማንም አይጠረጥራትም።

ቡናውን ተዉ የሚል ሰው የወሎን ቤት አያውቅም። ዱዓው፣ ምርቃቱ፣ ዕጣኑ፣ የጎረቤቱ ጨዋታ ሁሉ ያለ ስኳር ይሄዳል። እኔ የምመክረው ይህን ነው፦ ስኳሩን ቀጂዋ ከምትጨምር ማንኪያውን ለጠጪው ትተውለት፤ ሻይም በጀበናው ወይም በማንቆርቆሪያው ውስጥ አይጣፍጥ። ከዚያ በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ እየቀነሱ መሄድ ነው። ምላስ ትለምዳለች፤ ጥቂት ሳምንታት ሲያልፉ የድሮው መጠን ራሱ ያንገሸግሻል። በጨው መተካቱን ግን አልደግፍም። አዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው እንዲወስድ ይመከራል፤ እሱን ወጡ ብቻውን ይሞላዋል፣ ብዙ የስኳር ሕመምተኞችም ደም ግፊት አብሯቸው አለ።

የስኳር በሽታ የሚመጣው ስኳር ከመብላት ነው?

በቀጥታ አይደለም። ልጆችንና ወጣቶችን በብዛት የሚይዘው ዓይነት 1 የሚመጣው የሰውነት መከላከያ የራሱን ቆሽት ሲያጠቃ ነው፤ ከረሜላ ያመጣው አይደለምና እናቶች ራሳችሁን አትውቀሱ። ዓይነት 2 ላይ የቤተሰብ ታሪክ፣ ዕድሜ፣ የሆድ ውፍረትና ያለ እንቅስቃሴ መዋል ይደማመራሉ። ስኳር እዚህ ላይ የሚገባው ውፍረትን በማምጣት ነው፤ በተለይ ጣፋጭ መጠጥ ዘወትር የሚጠጡ ሰዎች ላይ የበሽታው ዕድል ከፍ እንደሚል በብዙ ጥናት ታይቷል።

«ድንጋጤ ነው ያመጣብኝ» የሚሉም አሉ። በድንጋጤና በሐዘን ጊዜ የሚመነጩት ሆርሞኖች የደም ስኳርን እውነትም ከፍ ያደርጋሉ። ብዙውን ጊዜ ግን ድንጋጤው ያደረገው ቀድሞ ተደብቆ የነበረውን ገልጦ ማሳየት ነው።

ስኳር የሀብታም በሽታ አይደለም እንዴ? እኛ ጠግበን የማናውቅ ሰዎች ከየት ያዘን?

ይህ ጥያቄ ከወሎ ሲመጣ ክብደቱ ሌላ ነው። የ1966ቱንና የ1977ቱን ረሃብ ያሳለፈ አገር ነው።

በኔዘርላንድስ ከ1944 እስከ 1945 እ.ኤ.አ. በነበረው የረሃብ ክረምት በእናታቸው ማሕፀን የነበሩ ሰዎች ጎልምሰው ሲመረመሩ ሰውነታቸው ግሉኮስን የማስተናገድ አቅሙ ደክሞ ተገኝቷል። ፅንሱ ምግብ ሲያጣ ሰውነቱ በጥቂት መኖርን ይማራል፤ ቆሽቱም እንደሚገባው ሳያድግ ይቀራል። እንዲህ የተወለደ ሰው በኋላ ከተማ ገብቶ ስኳርና ነጭ ዳቦ ሲበዛበት ሸክሙን አይችለውም። በ1977 የተወለደ ሰው አሁን አርባ ሞልቶታል፣ ዓይነት 2 መታየት በሚጀምርበት ዕድሜ ላይ ነው። ስለዚህ በዚያ ዘመን የተፀነሱና የተወለዱ ወሎየዎች ምልክት ባይኖራቸውም እንዲለኩ አጥብቄ እመክራለሁ።

ከዚህ ሌላ በልጅነት የምግብ ጉዳት ከደረሰባቸው ቀጫጭን ሰዎች ላይ የሚታይ የስኳር በሽታ አለ። ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን በ2025 እ.ኤ.አ. «ዓይነት 5» ብሎ እውቅና ሰጥቶታል። ቀጭን ነኝና አይነካኝም ማለት አያዋጣም።

ጤፍ ስኳር ይጨምራል ተብያለሁ። ልተወው?

አይተዉት። የደም ስኳርን ጨርሶ የማይጨምር እህል የለም፤ መታየት ያለበት ምን ያህል እንደተበላ፣ በምን ፍጥነት ወደ ደም እንደሚገባና ከምን ጋር እንደቀረበ ነው። የጤፍ ፍሬ ደቃቅ ስለሆነች ገለፈቷ ተለይቶ አይጣልም፣ ሙሉዋን ትፈጫለች፤ አሰሩ ዱቄቱ ውስጥ ይቀራል። ፉርኖ ዱቄት ግን የስንዴው ገለፈትና ፅንስ ወጥቶለት ስታርቹ ብቻ የቀረ ነው። ጤፍ ትቶ ነጭ ዳቦ መግዛት እንግዲህ ከተሻለው ወደ ባሰው መሄድ ነው። የሊጡ መኮምጠጥም ያግዛል፤ በእርሾው የሚፈጠረው አሲድ ምግቡ ከሆድ የሚወጣበትን ፍጥነት ያዘገየዋል።

ነጩም ሠርገኛውም ቀዩም ጤፍ ለደም ስኳር ያላቸው ልዩነት የሚያስጨንቅ አይደለም። ይልቅ ተጋግሮ የሚገዛ ከሆነ ሩዝ ተቀላቅሎበት እንደሆነ ይጠይቁ፤ ነጭ ሩዝ የተፈተገ ነው፣ ቶሎ ወደ ደም ይገባል። ቆቦና ባቲ ላለ ቤተሰብ የማሽላ እንጀራ ጥሩ ነው፤ ቀዩ ዘንጋዳ ውስጥ ያለው የሚመረው ታኒን የስታርቹን መፈጨት ያዘገያል። ደጋው ደግሞ በገብስ የታደለ ነው። ገብስ ውስጥ ያለው ቤታ ግሉካን የሚባል አሰር በአንጀት ውስጥ ይዝለገለግና ግሉኮስን ቀስ በቀስ ነው የሚለቀው። የገብስ ቆሎ ታኝኮ ሲበላ ከሁሉ የዘገየ ነው። በሶው ዱቄት ስለሆነ ይፈጥናል፤ ስኳር ወይም ማር ከገባበት ደግሞ ዋናው ነገር ስኳሩ ሆነ ማለት ነው።

አሁን ወደ መጠኑ። ከሚበሉት ግማሹ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ጥቅል ጎመን፣ ሰላጣ ቢሆን፣ ሩቡ ሽሮ፣ ምስር፣ እንቁላል ወይም ሥጋ፣ የቀረው ሩብ እንጀራ ቢሆን መልካም ነው። በሳህን ለሚበላ ይህ ቀላል ነው። በእኛ ቤት ግን አንድ ገበታ ላይ ተከብቦ ይበላል፣ ጉርሻም አለ፣ «በሞቴ» ተብሎ እምቢ ማለትም ይከብዳል። ስለዚህ ስኳር ያለበት ሰው የራሱን ድርሻ አስቀድሞ በፊቱ ያስቀምጥ፤ ግማሽ እንጀራ ከሆነ ግማሽ፤ እሱ ሲያልቅ እጁን ይታጠብ። ቤተሰቡ «ጠገብኩ» ሲል ይመነው። ጎመኑንና ምስሩን አስቀድሞ፣ እንጀራውን አስከትሎ መብላትም ከምግብ በኋላ የሚመጣውን የደም ስኳር ከፍታ ይቀንሳል።

ድንች ወጥ በእንጀራ፣ ሩዝ በድንች፣ ፍርፍር በእንጀራ እህል በእህል ላይ መጫን ነው። በየቀኑ አይሁን።

ከበሉ በኋላ አለመተኛት። ሩብ ሰዓት ያህል መራመድ ብቻውን ስኳሩን ያወርዳል፤ የሚሠራ ጡንቻ ያለ ብዙ ኢንሱሊን ግሉኮስ መውሰድ ይችላልና። ከጦሳ ተራራ ሥር ባለችው ደሴ ዳገት አይታጣም።

ማር ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይጎዳም ይባላል።

ማር አምስት እጅ ቢደረግ አራቱ እጅ ስኳር ነው፣ የቀረው በአብዛኛው ውኃ ነው። መመሪያውም ከስኳር ጋር ነው የሚቆጥረው፤ ብርዝም እንደዚያው። ቡናማ ስኳርም ከነጩ የሚለየው በቀለሙና በጣዕሙ ነው። ዕድሜው አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር ፈጽሞ አይሰጥም፤ ቦቱሊዝም የሚባል አደገኛ መመረዝ ሊያመጣበት ይችላል።

ፍራፍሬስ? ጥንቅሽስ?

ከቆላ የሚመጣውን ማንጎ፣ ፓፓያና ብርቱካን እንዲሁም በለሱን ከነአሰሩ ይብሉት፤ ስኳር ያለበትም ሰው በመጠኑ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ፍሬ ያህል መብላት ይችላል። ጁስ ቤት የሚቀርበው ግን ሌላ ነው፦ ሁለት ሦስት ፍሬ ተፈጭቶ፣ ስኳር ተጨምሮበት፣ በደቂቃ የሚጨለጥ። ጥንቅሽና ሸንኮራ የሚመጠጠው ውኃቸው ስኳር ነው። ልጅ በእሸት ወራት ቢያኝክ ክፋት የለውም፣ አጥንቱ እያደገ ነው፣ ይሯሯጣል። ስኳር ላለበት አዋቂ ግን አይመከርም።

ለስላሳ፣ ቀሪቦ፣ ቡና ቤት ያለው ሁሉ?

ብዙዎቹ ለስላሳዎች በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ 10 ግራም ገደማ ስኳር አላቸው። 300 ሚሊ ሊትር ያላት ጠርሙስ ከሰባት ማንኪያ በላይ ትሆናለች። ሰርግ ላይ ሁለት ጠርሙስ የጠጣ ልጅ ስንት እንደወሰደ እናቱ ትደምረው። ጫት የሚቅም ሰው በሰዓታት ውስጥ ለስላሳውንና ስኳር የበዛበትን ሻይ እየደጋገመ ይጠጣል፤ ጫቱ የምግብ ፍላጎቱን ስለሚዘጋው ምሳውንና መድኃኒቱን ይዘልላል፤ ሌሊት ደግሞ አብዝቶ ይበላል። ለስኳር ሕመምተኛ ከዚህ የከፋ አዋዋል አላውቅም። ቀሪቦ አልኮል የለውም ተብሎ ለሁሉ ይቀርባል፤ ጣፋጭነቱ ግን ከተጨመረበት ስኳር ነው። ጠላ በባዶ ሆድ፣ በተለይ ኢንሱሊን ለሚወጋ ሰው፣ ስኳርን ድንገት ሊጥለው ይችላል።

በእንክብል የሚሸጠው ማጣፈጫ የስኳር ሕመምተኛውን ከሻይ ስኳር ለማላቀቅ ያግዝ ይሆናል። ክብደት ለመቀነስ ግን የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. አይመከርም ብሏል።

ስኳር አለብኝ፤ ሮመዳንን መጾም እችላለሁ? ዓቢይ ጾምንስ?

ዓይነቱና መድኃኒቱ ይወስናል። በምግብ ቁጥጥር ወይም ሜትፎርሚን በሚባለው የስኳር እንክብል ብቻ ያለ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይችላል። ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም ግሊበንክላማይድ የሚባለውን እንክብል የሚውጥ ሰው ግን ስኳሩ ቀን ላይ ሊወርድበት ይችላል፤ ከጾሙ አንድ ሁለት ወር አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር፣ መጠኑና ሰዓቱ ይስተካከልለት። ቀን ላይ ልኬቱ ከ70 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ከወረደ ወይም ከ300 ካለፈ ጾሙን መፍታት ግድ ነው። ቁርአኑ ራሱ ለታመመ ሰው በሌላ ቀን እንዲያካክስ ፈቅዶለታል። ጣት ወግቶ መለካትም ጾም እንደማያበላሽ ብዙ ዑለማዎች ያስተምራሉ፤ «ጾሜ ይፈርሳል» ብሎ ሳይለካ የሚውል ሰው ራሱን ለአደጋ ያጋልጣል።

ሱሑር ላይ ገብስ፣ ባቄላ፣ እንቁላል የመሰለ ዘገምተኛ ምግብ፣ ያውም ወደ ንጋት አስጠግቶ። አፍጥር ላይ አንድ ሁለት ተምርና ውኃ ሱናውን ይሞላል። ትንሿ ተምር እንኳ 5 ግራም ገደማ ስኳር አላት፤ ከእሷ ላይ ጁስ፣ ሳምቡሳና ጣፋጭ ሻይ ከተደረበ ቀኑን የተጾመው በአንድ ሰዓት ይመለሳል።

በኦርቶዶክሱ ጾም የሚያሳስበው እህሉ መብዛቱ ነው፦ ጠዋት ዳቦ በሻይ፣ ቀን እንጀራ በድንች፣ ማታ ሩዝ። ሽሮ፣ ምስር፣ አተር ክክና ጎመን የጾም ምግቦች ናቸው፣ እነሱን ማብዛት ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየት የማይችል ሕመምተኛ ለንስሐ አባቱ ይንገር፤ አይከለክሉትም።

አብሽ፣ ሺፈራው፣ መራራ ነገር ሁሉ ስኳርን ያጠፋል?

መራራነት ስኳርን አያጠፋም፤ ምላስ የሚቀምሰውና ደም ውስጥ የሚሆነው የተለያየ ነው። አብሽ አሰር ስላለው ከምግብ ጋር ሲወሰድ ስኳሩን በመጠኑ ሊያዘገየው ይችላል፤ ያለ ስኳር በጥብጠው ቢጠጡት አልቃወምም። ዕፅዋትን አልንቅም፤ ሜትፎርሚን ራሱ የመነጨው አንድ ተክል ላይ ከተደረገ ጥናት ነው። ግን ያ ተለክቶ፣ ተፈትኖ ነው። ኢንሱሊኑን አቁሞ ቅጠል የጀመረ የዓይነት 1 ሕመምተኛ በቀናት ውስጥ ሊሞት ይችላል። ይህን ያለ ማጋነን ነው የምጽፈው።

ለልጆች ስኳር መቼ ይጀመር?

አዲስ ለተወለደ ሕፃን የስኳር ውኃ ማቅመስ፣ ቅቤ ማስላስ ይቅር። እንገሩ ይበቃዋል፤ እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ። ከዚያ በኋላ በሚጀመረው ገንፎና አጥሚት ላይ እስከ 2 ዓመት ስኳር ባይገባ ይመረጣል፣ ቅቤና እንቁላል ይግባበት። ጥርስን የሚበላው ከስኳሩ ብዛት ይልቅ ድግግሞሹ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከረሜላ የሚመጥ ልጅ ጥርሱ ከአሲድ የሚያርፍበት ጊዜ የለም።

ሽንቴ ላይ ጉንዳን ተሰበሰበ። ስኳር ነው?

ሊሆን ይችላልና ሳይውሉ ሳያድሩ ይለኩ። የደም ስኳር ከ180 ገደማ ሲያልፍ ኩላሊት መመለስ ያቅተውና ስኳሩ በሽንት ይወጣል፤ ጉንዳኑም የሚመጣው ለዚህ ነው። ግን ጉንዳን እስኪመጣ መጠበቅ አይገባም። ውኃ ጥም፣ ሌሊት ደጋግሞ ለሽንት መነሣት፣ እየበሉ መክሳት፣ የዓይን ብዥታ፣ የማይድን ቁስል ሁሉ ያስጠይቃሉ። ምግብ ሳይቀመስ ጠዋት ሲለካ 126ና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ በድጋሚም ከተረጋገጠ፣ የስኳር በሽታ ነው። የሦስት ወር አማካዩን የሚያሳየው ምርመራ ደግሞ 6.5 በመቶ ላይ ነው መስመሩ። ጾም ልኬቱ ከ110 እስከ 125 የሆነ ሰው ገና በሽተኛ አልተባለም፤ ሲኒውንና ወገቡን ቢቀንስ፣ በየቀኑ ቢራመድ ብዙ ጊዜ ሊመለስ የሚችልበት ወቅት ነው።

ስኳር የሚያድንበት ጊዜ አለ?

አለ። ተቅማጥ ለያዘው ልጅ ከጤና ኬላ የሚሰጠው ኦ አር ኤስ ውስጥ ስኳር የገባው፣ ጨውና ውኃ ከአንጀት ወደ ደም እንዲገቡ ስለሚረዳ ነው። ፓኬቱ ከሌለ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ውስጥ ያልተቆለለ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበጠበጣል፤ ከዚህ አይብለጥ፣ በተለይ ጨው።

ሁለተኛው መድኃኒት የሚወስድ ሰው ስኳሩ ሲወርድበት ነው። ላብ ያሰምጠዋል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ልቡ ይመታል፣ ይርበዋል፣ ያልሆነ ነገር ይናገራል፤ ሰካራም ይመስላል። በባቲ የሰኞ ገበያ ሙቀት፣ ከረጅም መንገድ በኋላ፣ ምሳ በዘገየበት ሰዓት እንዲህ የሆነ ሰው ካዩ ማር፣ ለስላሳ፣ ስኳር የተበጠበጠበት ውኃ፣ የተገኘውን ይስጡት፤ 15 ግራም፣ ማለት አራት የሻይ ማንኪያ ያህል። ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለው ይድገሙለት፤ ሲሻለው ደግሞ እንጀራ ወይም ዳቦ ይብላ። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም አይጨመር፣ ሊያንቀው ይችላል፤ በጎኑ አስተኝቶ ወደሚቀርበው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መውሰድ ነው። መድኃኒት የሚወስድ ሰው ኪሱ ውስጥ በላስቲክ የተቋጠረ ስኳር አይለየው፤ ቤተሰቡም የት እንዳለ ይወቅ።